የሄሬዝ እርሾ

ፊኖ የሚባለውን የስፔን ወይን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩት ሲቪያ ከተማ ውስጥ ነው። አልወደድኩትም። ጓደኛዬ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ፊቴ ሲጨማደድ እያየች ትስቃለች።

ተራ ነጭ ወይን መስሎኝ ነበር። መልኩ የገለባ ነው። በትንሽ ብርጭቆ፣ ብርጭቆው እስኪያልበው ቀዝቅዞ መጣ። አንድ ጉንጭ ያዝኩ። የፍራፍሬ ጣዕም የለ፣ ጣፋጭነት የለ፣ ድርቅ ያለ ነገር። መጀመሪያ አልሞንድ አልሞንድ አለኝ። ቀጥሎ ጨው ጨው። ከዚያ አንድ ሌላ ሽታ መጣ። ይሄኛውን አውቀዋለሁ። ከየት እንደማውቀው ግን ሊመጣልኝ አልቻለም።

«ኮምጣጤ ነው እንዴ ያዘዝሽልኝ?» አልኳት።

«ሦስተኛው ላይ ትወጂዋለሽ» አለች። «አንደኛውን የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ሁለተኛውን አላዘዝኩም። ያ ሽታ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

እኔ የወይን ሰው አይደለሁም። እኛ ቤት ወይን ማለት ለእንቁጣጣሽና ለሠርግ የሚገዛ አክሱሚት ነበር። አባቴ ሲያምረው ጉደር ይገዛል፤ እሱም ግማሹ ጠርሙስ ቡፌው ውስጥ ይረሳል። ኑሮዬን ፍራንክፈርት ካደረግኩ በኋላ ቀይ ወይን ለመድኩ። ያም ቢሆን ሱፐርማርኬት ገብቼ የጠርሙሱን ሥዕል አይቼ ነው የምመርጠው። ስለዚህ ጓደኛዬ «ነገ ሄሬዝ እንሄዳለን» ስትለኝ ለወይኑ ብዬ አልተነሣሁም። ከሲቪያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፀሐዩም ደስ ይላል። እንሂድ አልኩ።

ከተማው ሙሉ ስሙ ሄሬዝ ዴ ላ ፍሮንቴራ ነው። ደቡብ ስፔን፣ አንዳሉሲያ ውስጥ፣ ከአትላንቲክ ብዙም አይርቅም። በሙስሊሞቹ ዘመን ስሙ «ሸሪሽ» ነበር። እንግሊዞች ያንን ስም በምላሳቸው አዙረው አዙረው «ሼሪ» አደረጉት። ሼሪ የሚባለው መጠጥ እንግዲህ ስሙ የከተማው ስም ነው፤ ፊኖም አንዱ የሼሪ ዓይነት ነው። እንግሊዞች ይህን ወይን ከጥንት ይወዱታል፤ ሲያጡም ይዘርፉታል። እንግሊዛዊው መርከበኛ ፍራንሲስ ድሬክ እ.ኤ.አ. በ1587 የካዲስን ወደብ ሲወርር 2,900 በርሜል ያህል ወይን ጭኖ እንደሄደ ይነገራል። ሎንዶን ሼሪን የለመደችው በዚያ ዝርፊያ ነው እያሉ የሄሬዝ ሰዎች ዛሬም ይቀልዳሉ።

ቦዴጋ የሚሉት ወይኑ የሚቆይበትን ቤት ነው። የመጀመሪያው ቦዴጋ በር ላይ ስንደርስ ዝግ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በስፔን በዚህ ሰዓት በር የሚያንኳኳ የውጭ አገር ሰው ብቻ መሆኑን ጓደኛዬ ታውቃለች፤ ግን ረስታለች። ቀጠሮም አልያዝንም። ምሳ በልተን፣ አንድ ሁለት ቦታ ደውለን፣ አመሻሹ ላይ የሚቀበለን አንድ የድሮ ቦዴጋ አገኘን።

ቦዴጋ ሲባል ምድር ቤት መስሎኝ ነበር። አይደለም። የሄሬዝ ቦዴጋ ከመሬት በላይ ነው፤ ጣሪያውም በጣም ከፍ ያለ ነው። ስትገቡ ቤተ ክርስቲያን የገባችሁ ይመስላችኋል፤ እነሱም ራሳቸው ካቴድራል ይሉታል። ግድግዳው ወፍራም ነው። መስኮቶቹ ላይኛው ጫፍ ላይ ናቸው፤ በሣር በተሠራ ምንጣፍ ተሸፍነዋል። ወለሉ ሲሚንቶ ሳይሆን ቢጫ አሸዋ ነው፤ በሞቃት ቀን ውሃ ይረጩበታል። ያ ሁሉ የሚደረገው ቅዝቃዜና እርጥበት እንዳይጠፋ ነው። ኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሕንፃ ሙሉ እንደ እንስራ እንዲያቀዘቅዝ አድርገው ሠሩት ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ያየሁት ግን በኋላ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር።

የእማዬ ጓዳ! ጉለሌ፣ ከማድ ቤቱ ጥግ፣ ቡሃቃው የሚቀመጥበት ቦታ። ሊጥ ሲቦካ ክዳኑን ከፈት ስታደርጉት የሚመታችሁ ሽታ። ሲቪያ ላይ ስሙ የጠፋኝ ነገር እርሾ ነበር።

አስጎብኚያችን ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ በዚያው ቦዴጋ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ የሠሩ ሰው ናቸው። በልቤ ጋሼ አልኳቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ጓደኛዬ ታስተረጉማለች። በርሜሉን «ቦታ» ነው የሚሉት። ይሄ ነገር እስከ መጨረሻው አሳቀኝ። «እዚህ ስንት ቦታ አለ?» «ይህ ቦታ መቶ ዓመት ሆኖታል።» «ባዶ ቦታ የለንም።» ጓደኛዬ መተርጎሙን ትታ ከእኔ ጋር መሳቅ ጀመረች። ጋሼ ምን እንደሚያስቀን ስላልገባቸው ትሕትና ፈገግ አሰኛቸው።

አንዱ ቦታ 600 ሊትር ይይዛል። እነሱ ግን የሚሞሉት 500 ብቻ ነው። አናቱ ላይ አየር እንዲቀር ይፈልጋሉ። ሌላ አገር ወይን ሠሪ አየርን እንደ ጠላት ነው የሚያየው፤ በርሜሉን ጢም አድርጎ ይሞላል። እዚህ ሆን ብለው ክፍተት ይተዋሉ። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ፊቱ በመስተዋት የተሠራ አንድ በርሜል አለ። ጋሼ የእጅ ባትሪ አበሩልን።

ወይኑ ላይ ነጭ ነገር ሰፍሯል። የተጨማደደ፣ ክሬም የመሰለ፣ እርጎ ላይ የሚይዘውን ስስ ቆዳ የሚመስል። «ፍሎር» ይሉታል፤ አበባ ማለት ነው። እርሾ ነው፤ ሕይወት ያለው። በየበርሜሉ በራሱ ይበቅላል። ከአየሩም ከወይኑም እየተመገበ ይኖራል፤ አልኮሉን ይበላል፣ የተረፈች ስኳር ካለች እሷንም አይምር። በምትኩ ወይኑን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ከአየር ይጠብቀዋል። ፊኖ ለዓመታት በርሜል ውስጥ ቆይቶ ገለባ መልኩን የማይለቀው ለዚህ ነው። ድርቅ ያለ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ፎቶ አንስቼ እዚያው ሆኜ ለእማዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ምንድነው ይሄ?»

«ወይን ነው፣ እማዬ።»

«ሻግቷል በይኛ!»

«ሻጋታ አይደለም፣ እርሾ ነው። ይሄ ነው የሚያጣፍጠው።»

«ይሄን በገንዘብሽ ገዝተሽ ነው የምትጠጪው?» ትንሽ ዝም አለች። «እስቲ በደንብ አንሺና ላኪልኝ፤ ለእትዬ አስካለ ላሳያት።»

እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ናት። ጠላ ትጠምቃለች። ፍርዷ በማግስቱ መጣ፤ «ጋኑን አላጠኑትም» ብላለች።

ነገሩ በፍሎር አያበቃም። የአዲሱ ወይን አልኮል ወደ 15 በመቶ ሲጠጋ ፍሎር ይመቸዋል፤ ስለዚህ ለፊኖ የታሰበው ላይ ጥቂት የወይን አረቄ ጨምረው እዚያ ያደርሱታል። 17 እና ከዚያ በላይ ካደረሱት ግን ፍሎሩ ይሞታል። ብርድ ልብሱ ተገፈፈ ማለት ነው። ወይኑ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ እየጠቆረ ይሄዳል፣ እየወፈረ ይመጣል። ይሄ ኦሎሮሶ ነው። በመሐል ደግሞ ፍሎር ስር ተወልዶ አድጎ፣ በኋላ ፍሎሩ የሞተበት አለ፤ አሞንቲያዶ። ፓሎ ኮርታዶ የሚሉትም አለ። ትርጉሙ የተቆረጠ እንጨት ነው። ስሙ የመጣው በርሜሉ ላይ ከሚጻፈው የጠመኔ ምልክት ነው። ለፊኖ ተስፋ የተጣለበት በርሜል ላይ አንድ ሰያፍ መስመር ይሰመራል። ወይኑ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሌላ መንገድ ሲሄድ መስመሩን በሌላ መስመር ይቆርጡታል። ሽታው ወደ አሞንቲያዶ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ወደ ኦሎሮሶ። እኔ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው፤ ዋጋውን ሳይ ደግሞ ፍቅሬ ቀነሰ።

በርሜሎቹ በሦስትና በአራት ረድፍ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ሁሉም ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል፤ ጠብ የሚል ነገር ካለ ጥቁር ላይ ቶሎ ይታያል። የታችኛው ረድፍ ሶሌራ ይባላል፤ ወለል ከሚለው ቃል ነው። ከሱ በላይ ያሉት ክሪያዴራ ናቸው፤ ማሳደጊያ እንደማለት። ለሽያጭ የሚቀዳው ከታችኛው ረድፍ ብቻ ነው። እሱም ሁሉም አይቀዳም፤ በዓመት ቢበዛ ሲሶ ያህሉ። የጎደለውን ከሁለተኛው ረድፍ ይሞሉታል። የሁለተኛውን ከሦስተኛው። ላይኛው ላይ የዘንድሮው ወይን ይገባል። ታችኛው በርሜል በጭራሽ ባዶ አይሆንም። አንድ ሶሌራ መቶ ዓመት ከሆነው፣ የመጀመሪያው ቀን የገባበት ወይን ጠብታው ዛሬም እዚያ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዓመተ ምሕረት አይጻፍም። የፈረንሳዩ ቦርዶ ሰው የየትኛው ዓመት ወይን ነው ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ጥያቄው ራሱ አይገባም። እኔም ጠየቅኋቸዋ፤ «ይሄ የምንቀምሰው ዕድሜው ስንት ነው?»

ጋሼ ብርጭቆዬን አዩት። «የየትኛው ጠብታ?» አሉ።

እኔ እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። እማዬ እንጀራ ልትጋግር ስትል፣ ከቦካው ሊጥ ላይ የጠለለውን ቢጫ ውሃ ትቀዳና በትንሽ ዕቃ ታስቀምጣለች። ለሚቀጥለው። የሚቀጥለው ሲቦካ ደግሞ ከሱ ላይ ለሚቀጥለው። ይሄ ነገር መቼ እንደጀመረ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እርሾ የጠፋበት ሁሉ ጎረቤት ሄዶ ይዋሳል። «እርሾ ላኩልን ብላለች እማዬ» እያልኩ ሲኒ ይዤ የሄድኩባቸውን በሮች አስታውሳለሁ። እትዬ አስካለም ከእኛ ወስዳለች፣ እኛም ከእሷ። የሰፈሩ ሁሉ እርሾ የተደባለቀ ነው። የኛ ቤት እርሾ ስንት ዓመቱ ነው ቢባል ጋሼ እንዳሉት ነው፤ የየትኛው ጠብታ?

ንጽጽሩ በሁሉም ነገር አይገጥምም፤ አውቃለሁ። ሊጥ በሦስት ቀን ይደርሳል፣ ፊኖ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። እኛ የምናሳልፈው እርሾውን ነው፤ እነሱ የሚያሳልፉት ወይኑን ነው። እኔ ግን ከዚያ ሰዓት በኋላ የሼሪን ነገር ለመረዳት ሌላ መጽሐፍ አላስፈለገኝም።

አንድ ረድፍ ወደ ሌላው ሲቀዳ ፍሎሩ እንዳይቀደድ ይጠነቀቃሉ። ብዙ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ቧንቧ አላቸው። ከፍሎሩ ስር ወይኑ ውስጥ አስገብተው ቀስ አድርገው ይለቁታል። አዲሱ ወይን ከአሮጌው ጋር ሳይረበሽ ይቀላቀላል። ለመቅመስ ደግሞ ቬኔንሲያ የሚባል ነገር አለ። ረጅም የሚተጣጠፍ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ጠባብ ኩባያ አለው። ጋሼ በበርሜሉ አፍ በኩል አንዴ ዘልቀው ፍሎሩን በጥተው ገቡና ወጡ። ከዚያ ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው፣ በሌላው እጅ ወገባቸው ላይ የያዙት ብርጭቆ ውስጥ አፈሰሱት። እንደ ክር ወረደ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

እኔም ልሞክር አልኩ። ብርጭቆው ውስጥ የገባው ሩብ ያህል ነው። የቀረው እጅጌዬ ውስጥ ገብቶ ብብቴ ደረሰ። ባቡር ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦታ ቀይረዋል። የእኛን ቦታ ማለቴ ነው።

ሁለተኛውን ፊኖ ያኔ ጠጣሁ። ሦስተኛውንም።

ከተማው ውስጥ ትልቁ ስም ጎንዛሌዝ ቢያስ ነው፤ በ1835 የተመሠረተ። ቲዮ ፔፔ የሚባለው ፊኖ የእነሱ ነው። አጎት ፔፔ ማለት ነው፤ መሥራቹ ማኑዌል ማሪያ ጎንዛሌዝ ስለ ወይን ብዙ ነገር ላሳዩት አጎቱ የሰጠው መታሰቢያ ነው። እዚያ ከሄዳችሁ አንድ ነገር አትለፉ። ወለሉ ላይ አንዲት ብርጭቆ ጣፋጭ ወይን ተቀምጣለች። ብርጭቆዋ ላይ ትንሽዬ መሰላል ተደግፋለች። ለአይጦች ነው። ወጥተው እንዲጠጡ። ለአይጥ መሰላል የሠራ ሰው በዚህ ዓለም ላይ መኖሩ ለብዙ ቀን ደስ አሰኝቶኛል።

በማግስቱ ወይኑ የሚበቅልበትን ለማየት ከከተማ ወጣን። መሬቱ ነጭ ነው። ነጭ ስል ኖራ የተቀባ የሚመስል፤ ዓይን ያማል። አልባሪሳ ይሉታል። ኖራ የበዛበት አፈር ነው። በክረምት ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። በበጋ ላዩ ደርቆ ቅርፊት ይሠራና ከስር ያለውን እርጥበት ይዞ ያቆያል። በዚህ አገር ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ወይኑ በዚያ በተጠራቀመ ውሃ ነው የሚከርመው። ገበሬው ደግሞ ያግዘዋል። ለቀማው ካለቀ በኋላ በየረድፉ መሐል አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ የክረምቱ ዝናብ ቁልቁል እንዳይሮጥ እዚያ ይታቆራል። እኛ ስንደርስ ገና መቆፈሩ ነበር። እርከን የሠራ የወሎ ገበሬ ቢመጣ አስተርጓሚ ሳይፈልግ የሚገባው ሥራ ነው።

የሚበቅለው በአብዛኛው ፓሎሚኖ የሚባል ነጭ የወይን ዘር ነው። ፍሬው ለብቻው ብዙም ጣዕም የለውም፤ ዘቢብ ልግዛ ብትሉ የማትመርጡት ዓይነት። ሥራውን የሚሠራው አፈሩ፣ ፍሎሩና ነፋሱ ነው። ነፋሱ ሁለት ነው። ሌቫንቴ ከምሥራቅ ይመጣል፣ ትኩስና ደረቅ ነው፤ ሰዎቹ ራስ ያሳምማል ይላሉ። ፖኒየንቴ ከአትላንቲክ ይመጣል፣ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። የቦዴጋዎቹ መስኮቶች እሱን እንዲቀበሉ ታስበው ነው የተሠሩት። ፍሎሩ የሚወደው ፖኒየንቴን ነው።

ለዚህም ነው ሳንሉካር መሄድ ግድ የሆነብን። ሳንሉካር ዴ ባራሜዳ ጓዳልኪቪር ወንዝ ባሕር የሚገባበት ከተማ ናት። መርከበኛው ማጄላን በ1519 ዓለምን ሊዞር የተነሣው ከዚህ ነው። በ1522 አንዲት መርከብ 18 ሰው ይዛ ተመለሰች፤ ማጄላን ከነሱ መሐል አልነበረም። በሳንሉካር እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ ፍሎሩ ዓመቱን ሙሉ ወፍሮ ይኖራል። በሄሬዝ በበጋና በክረምት ይሳሳል። እዚህ ያረጀው ፊኖ ስሙ ማንዛኒያ ይሆናል፤ ይበልጥ ቀለል ያለ፣ ጨው ጨው የሚል።

ማንዛኒያ ደግሞ በስፓኒሽ ካሞሜል ሻይም ነው። ይህን ያወቅኩት ጓደኛዬ ስልክ ልታነጋግር ወጥታ እያለች አንድ ካፌ ውስጥ በኩራት «ኡና ማንዛኒያ» ብዬ ሳዝ ነው። አስተናጋጁ አየኝ። ጉንፋን ይዞኛል፣ አፍንጫዬ ቀልቷል። የሚንፋለል ሻይ ከነማሩ አመጣልኝ፤ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ። ጠጣሁት። ምን አደርጋለሁ።

ትክክለኛውን ማንዛኒያ የጠጣሁት ወንዙ ዳር ነው፣ ፀሐይዋ ስትገባ፣ ከቶርቲዪታ ጋር። ቶርቲዪታ የምትባለው እንደ ቆሎ ፍሬ ያነሱ ሽሪምፖች በስንዴና በሽንብራ ዱቄት ተለውሰው፣ ሽንኩርት ገብቶባቸው፣ ዘይት ውስጥ ስስ ሆነው የሚጠበሱ ናቸው። የሽንብራ ዱቄቱ ሽታ ሽሮ ሽሮ ይላል። ሽሪምፕ ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ለንስሐ አባቴ ትቼዋለሁ፤ እሳቸው ይህን እንዳያነቡ አደራ።

ስለ ምግብ ካነሣን፣ የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው የሄሬዝ ታባንኮ ፈተና ነው። ታባንኮ ወይኑ ከበርሜል በቀጥታ የሚቀዳበት የድሮ መጠጥ ቤት ነው። ጣሪያው ላይ የአሳማ እግር ተሰልፎ ተሰቅሏል። ያቺ ምንድናት? አሳማ። ይቺኛዋስ? የተጠበሰ የአሳማ ስብ። አረንጓዴው? እሱ ስፒናች ነው፤ ውስጡ ግን… በመጨረሻ የፍየል አይብ፣ ወይራና ከባሕር የወጣ የደረቀ ቱና አገኘን። የደረቀው ቱና በጨው የታሸ ቋንጣ ነው። ከፊኖ ጋር ሲሆን ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ሒሳቡን ባንኮኒው እንጨት ላይ በጠመኔ ነው የሚጽፉት፣ እፊታችሁ። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ቁጥር። ስትጨርሱ ይደምሩና በእርጥብ ጨርቅ ያጠፉታል። አንድ ጥግ ላይ አንድ ሰው ጊታር አነሣ። አንዲት ሴት ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ዘፈነች። ማይክ የለ፣ መድረክ የለ። አንዳንዱ ያወራል። ዘፈኑ ሲከር ግን ቤቱ በሙሉ ዝም አለ፤ አሳላፊው ሳይቀር ጠርሙሱን ይዞ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ «ኦሌ» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል፣ በጣም በቀስታ። እኛ «ይበል» እንደምንለው።

ይሄ ሁሉ ሲታይ አገሩ የደላው ይመስላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከ20,000 ሔክታር በላይ የነበረው የወይን እርሻ ዛሬ 7,000 አካባቢ ነው። ያኔ ርካሽ ሼሪ በገፍ እየተመረተ ወደ እንግሊዝና ወደ ሆላንድ ይጫን ነበር። ዋጋ ሲወርድ ጥራቱም አብሮ ወረደ። ብዙ ቦዴጋዎችን ጠቅልሎ የያዘውን ሩማሳ የሚባል ድርጅት መንግሥት በ1983 ወረሰው። ወጣቱ ደግሞ ሼሪን የአያቶች መጠጥ አድርጎ ቆጠረው። አሁን አንዳንድ ወጣት ወይን ሠሪዎች አረቄ ሳይጨምሩ፣ የየማሳውን ስም ጠርሙሱ ላይ እየጻፉ ሌላ ዓይነት ነጭ ወይን እያወጡ ነው። ሁለት ቀመስኩ። አንዱ ጥሩ ነው። ሌላው ላይ ወሬው ከወይኑ ይበልጣል።

ርካሽ መሆኑን ካልተናገርኩ ግን ይቆጨኛል። አሥርና ሃያ ዓመት የቆየ ወይን ከሌላ አገር ልግዛ ብትሉ ኪሳችሁን ያራግፈዋል። እዚህ ደህና አሞንቲያዶ ፍራንክፈርት ውስጥ ሁለት ፒዛ በምበላበት ዋጋ ገዛሁ። ፊኖ ስትገዙ ትንሹን ጠርሙስ ውሰዱ። ከተከፈተ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ፍሪጅ አስገብቶ በጥቂት ቀን መጨረስ ነው። ኦሎሮሶና አሞንቲያዶ ግን ይታገሣሉ። ጥቁሩ ፔድሮ ሂሜኔዝ ደግሞ ወይኑ ፀሐይ ላይ ዘቢብ እስኪሆን ደርቆ የሚጨመቅ ነው። ለመጠጣት አይሆንም፣ ማር ነው። አይስክሬም ላይ አፍስሱት፤ ከዚያ ስለ እኔ ጸልዩ።

ከምን ጋር ይጠጣል ለሚለው የአገሩ ሰው መልስ አለው። የሚዋኝ ከሆነ ፊኖ፣ የሚበር ከሆነ አሞንቲያዶ፣ የሚሮጥ ከሆነ ኦሎሮሶ። ቤቴ ተመልሼ ሞከርኩት። የበሬ ጥብስ ከኦሎሮሶ ጋር፤ አያከራክርም። ችግሩ ዶሮ ወጥ ላይ መጣ። ዶሮ ትበራለች ወይስ ትሮጣለች? የአበሻ ዶሮ ሁለቱንም ታደርጋለች። ሁለቱንም ጠርሙስ ከፈትኩ። አሞንቲያዶው ከበርበሬው ጋር ተጣላ፤ ኦሎሮሶው የቁሌቱን ሽንኩርት አቅፎ ተቀመጠ። ፊኖን ደግሞ ከአዋዜ ጋር አትሞክሩት። እኔ ሞክሬላችኋለሁ።

የመጨረሻዋን ትንሽ ጠርሙስ ፊኖ የጨረስኩት ለገና ነው። ያን ሰሞን ጤፍ አብኩቼ ነበር። እርሾውን ስቀዳ ንጹሕ ዕቃ አጣሁ፤ ጠርሙሷ መደርደሪያው ላይ ናት። ገለበጥኩበት። ልኳ ሆነ። ክዳኗን ሳላጠብቅ ፍሪጅ በር ላይ አቆምኳት። መልኩም ያው ገለባ ነው።

ጓደኛዬ በጥር ከሲቪያ መጣች። ሻንጣዋን ሳታወርድ ፍሪጁን ከፈተች።

«አንቺ! አስቀምጠሽልኛል?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ብርጭቆ አነሣች፣ ቀዳች፣ እንደ ባለሙያ አሸተተች፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አንድ ጉንጭ ያዘች።

ፊቷን አየሁት። ስልኬን እስካወጣ አልደረስኩም።

«ሦስተኛው ላይ ትወጂዋለሽ» አልኳት።